አንድ ሰው ሁለት ሃሽ ወጣለት፦ የደሴንና የኮምቦልቻን የአባላት ዝርዝር ማመሳከር አቃተኝ

ቦርከና ማዶ — ሰኞ፣ ማታ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር መዝገብ ክፍል ነው የምሠራው። ደሴም ቅርንጫፍ አለን። ሁለቱ ቢሮዎች ለዓመታት ለየብቻ በኤክሴል ሲመዘግቡ ስለኖሩ፣ እዚህ የተመዘገበ ሰው እዚያም ተመዝግቦ ይገኛል። በሁለቱም በኩል ብድር የወሰደም አለ። እኔ የታዘዝኩት ሁለቴ የተመዘገበውን ለይቼ እንዳወጣ ነው። የደሴው ቢሮ ግን የአባላቱን ስምና ስልክ እንዳለ አንልክም አለ። አልፈርድባቸውም፣ የሰው አደራ ነው።

አንድ ወዳጄ «ሁለታችሁም ስሙንና ስልኩን ሃሽ አድርጉና ሃሹን ብቻ ተለዋወጡ፤ ሃሽ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ሃሹ ከገጠመ ሰውየው አንድ ነው» አለኝ። ሃሽ ማለት የገባለትን ጽሑፍ በቀመር ፈጭቶ እንደ ጣት አሻራ ያለ፣ ርዝመቱ የማይለወጥ የፊደልና የቁጥር ድርድር የሚያወጣ ነው። ጽሑፍ ሲለጠፍበት ሃሽ የሚያወጣ ድረ ገጽ አገኘሁና ስምና ስልኩን አያይዤ ሻ-256 በሚባለው የሃሽ ዓይነት አወጣሁ። ደሴዎቹም እንዲሁ አደረጉ።

ሁለቴ መመዝገባቸውን በመልክ ጭምር የማውቃቸው 40 ሰዎች ነበሩ። ከነሱ ውስጥ ሃሻቸው የገጠመው 9 ብቻ ነው። የቀሩት 31 የት ሄዱ? ደግሞስ ይሄ አሠራር እውነት አደራውን ይጠብቃል ወይ? ሦስተኛ፣ የድሮው ፕሮግራመራችን የአባላቱን ፓስወርድ ኤምዲ5 በሚባል የድሮ የሃሽ ዓይነት ነው ያስቀመጠው። «ኤምዲ5 ተሰብሯል» ሲባል እሰማለሁ፣ ለኛ ምን ማለት ነው? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።


ቧንቧ ውሃ — ሰኞ፣ ማታ 2፡50

እህቴ አብሽሪ፣ መፍትሔ አለው። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ ግን በዚህ ጉዳይ ብዙ ሌሊት አድሬበታለሁ።

ሃሽ ስም አያውቅም፣ ስልክም አያውቅም። የሚያየው ባይት፣ ኮምፒውተር ፊደሉን የሚያስቀምጥበትን ቁጥር ብቻ ነው። ከገባው ጽሑፍ አንዲት ነገር ብትለወጥ ከሚወጣው 256 ቢት ግማሽ ያህሉ ይገለበጣል። ስለዚህ «የሚቀራረብ ሃሽ» የሚባል ነገር የለም። ወይ ፍጹም አንድ ነው፣ ወይ ጭራሽ አይተዋወቅም።

መጀመሪያ ስልኩን እዪው። አንዱ ቢሮ በ09 ጽፎ ሌላው በ+251 ከጻፈ አለቀ። ኤክሴል ደግሞ ቁጥር ነው ብሎ ከፊት ያለችውን 0 ይበላታል። ከስሙ መጨረሻ ላይ የማትታይ ባዶ ቦታ ትኖራለች። በአባትና በልጅ ስም መካከል አንዱ አንድ፣ ሌላው ሁለት ክፍተት ያደርጋል። ጽሑፉን ከፋይል ላይ ካነበባችሁት፣ ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ ሁለት ባይት ያስቀምጣል፣ ሊኑክስ አንድ። ሊኑክስ ላይ በኤኮ ትእዛዝ ሃሽ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ኤኮ ራሱ መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር እንደሚጨምር ካላወቀ፣ ሁልጊዜ የተለየ ሃሽ ነው የሚያገኘው። እኔን ሁለት ቀን ያባከነችኝ እሷ ናት።


የሐረጎ መንገድ — ሰኞ፣ ማታ 3፡35

ወንድሜ ቧንቧ ውሃ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ግን ከ31ዱ አብዛኛውን የጣለው ፊደላችን ይመስለኛል። እህቴ፣ ስሙ በአማርኛ ነው የተጻፈው አይደል?

የወሎን የስም መዝገብ አስቢው። ደሴ ያለችው ጸሐፊ «ሰይድ» ብላ ትጽፋለች፣ አንቺ ጋ «ሠይድ» ነው። «አሊ» እና «ዐሊ»። «ሐሰን»፣ «ሀሰን»፣ «ሃሰን»። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»። አድራሻ ጨምራችሁ ከሆነም «ሐይቅ» እና «ሀይቅ»፣ «ደሴ» እና «ደሤ»። እኛ ስናነበው ልዩነቱን ልብ አንለውም፣ አንደበታችን አንድ አድርጎታል። ዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ፣ ግን ሀን 1200፣ ሐን 1210፣ ኀን 1280 ላይ ነው ያስቀመጣቸው። ሠ 1220 ነው፣ ሰ 1230። ሦስት ሊቃውንት በሦስት ዓይነት ቢጽፉት ሦስት የተለያየ ባይት፣ ሦስት የማይተዋወቅ ሃሽ ይወጣል።

ብዙ ፕሮግራመር «ዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን አድርገንበታል» ብሎ ይተኛል። እሱ እዚህ አይደርስልንም። ኖርማላይዜሽን አንዱን ፊደል በሁለት መንገድ የጻፈን ሰው ነው የሚያስታርቀው፣ ሀና ሐ ግን ለዩኒኮድ ሁለት ፊደል ናቸው። ነጥቦቹም እንዲሁ። አራት ነጥብ «።» ራሱን የቻለ አንድ ፊደል ነው፣ 1362። ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ «፡፡» የሚጽፍ ሰው ደግሞ 1361ን ሁለት ጊዜ ነው የጻፈው። ሁለቱን በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ነው፣ ሃሹ ግን ይለያቸዋል።

አንድ ተጨማሪ። መዝገቡ የቆየ ከሆነ ዩኒኮድ ባልሆነ በድሮ የኮምፒውተር ፎንት የተጻፈ ፋይል ሊኖር ይችላል። ስክሪኑ ላይ ግዕዝ ይመስላል፣ ውስጡ ያለው ግን የላቲን ፊደል ነው። ጽሑፉን ቀድተሽ ቴሌግራም ላይ ለጥፊው፣ ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ከሆነ እሱ ነው።

ስለዚህ ለማመሳከሪያ ብቻ የሚሆን ቅጂ አውጪና ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ሁሉንም ወደ ሀ፤ ሠን ከነቤተሰቡ ወደ ሰ፤ ዐ፣ ዓ፣ ኣን ወደ አ፤ ፀን ወደ ጸ መልሺ። ከዚያ ሃሽ። ዋናውን መዝገብ ግን እንዳትነኪው፣ ሰው ስሙን የጻፈው እንደጻፈው ይቆይ።


ጦሳ ስር — ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡10

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። ሁለት ነገር አለኝ፣ ሁለተኛው አስቸኳይ ነው።

የመጀመሪያው ስለ ፊደል። የሐረጎ መንገድ «ዋናውን አትንኪ» ማለቱን ወድጄለታለሁ። በግዕዝ ሠረቀ ወጣ፣ በራ ነው። ሰረቀ ግን ያው የምናውቀው ስርቆት። መሐረ ይቅር አለ፣ መሀረ አስተማረ። እነዚህን በዋናው መዝገብ ላይ የሚደፈጥጥ ሰው የሰውን ስም ያበላሻል። ለማመሳከሪያ ቅጂ ግን ምንም አይደል። ሆኖም ይሄ ሰንጠረዥ «መሐመድ»ንና «ሙሐመድ»ን አያገናኝም፣ ልዩነታቸው በአናባቢው ነውና። ስም ለሰው ዓይን እንጂ ለሃሽ አይመችም። በስልኩ ቁጥር ብቻ አመሳክሪ፣ የገጠመውን ደግሞ ሰው ስሙን አይቶ ያረጋግጥ።

አስቸኳዩ ይሄ ነው። ልጄ፣ ያን ድረ ገጽ መጠቀም ዛሬውኑ አቁሚ። የአባላቱን ስምና ስልክ የለጠፍሽው የማታውቂው ሰው ገጽ ላይ ነው። አንዳንዱ ገጽ ሥራውን እዚያው ብራውዘርሽ ውስጥ ይጨርሳል፣ አንዳንዱ ጽሑፉን ወደ ሰርቨሩ ይልከዋል። ደሴዎቹ ለናንተ እንኳ አንሰጥም ያሉትን ለባዕድ ሰጥተሽው ሊሆን ይችላል። ሃሽ ለማውጣት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ በፓወርሼል ጌት-ፋይልሃሽ አለ፣ ሊኑክስ ላይ ሻ256ሰም አለ፣ ፓይተን ላይ ሃሽሊብ አለ። ሁሉም መብራት እስካለ ድረስ ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ።

ሌላው ደግሞ «ሃሽ ወደ ኋላ አይመለስም» የሚለው። ልክ ነው፣ ቀመሩ አይመለስም። ግን የሚገመት ነገር ከሆነ ማንም መመለስ አያስፈልገውም። የሞባይል ቁጥራችን 09 ወይም 07 ብሎ ቀጥሎ 8 አኃዝ ነው። በአንዱ 100 ሚሊዮን፣ በሁለቱ 200 ሚሊዮን ቁጥር። ሁሉንም ተራ በተራ ሃሽ አድርጎ ከዝርዝራችሁ ጋር ማስተያየት ብቻ ነው። በኒውዮርክ ይሄው ሆነ። እ.ኤ.አ. 2014 ከ170 ሚሊዮን በላይ የታክሲ ጉዞ መረጃ ወጣ፣ የታክሲውና የሹፌሩ መለያ ቁጥር በኤምዲ5 ተሸፍኖ። መለያዎቹ አጫጭርና ቅርጻቸው የታወቀ ስለነበር ሁሉም ወዲያው ተገለጡ። ኤምዲ5 መሆኑ አይደለም ጥፋቱ። ሻ-256 ቢሆንም ያው ነበር።


ቦርከና ማዶ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

ጋሼ፣ እንዲህ ሲሉኝ ሰውነቴ ነው የቀዘቀዘው። በዚያ ገጽ 300 ሰው ያህል አውጥቻለሁ። አሁኑኑ አቁሜያለሁ። ለሥራ አስኪያጃችን ዛሬ ጠዋት እነግራቸዋለሁ፣ ደብቄ አልቀመጥም።

በስልክ ብቻ ካመሳከርኩ ደግሞ ሌላ ችግር አለብኝ። ከገጠር የሚመጡ አባላት አንድ ስልክ ለቤተሰብ ይጠቀማሉ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በአንድ ቁጥር ተመዝግበዋል። የፋይዳ ቁጥር ያላቸውስ በሱ ብናደርገው ይሻላል?


ቧንቧ ውሃ — ማክሰኞ፣ ቀን 8፡30

ጋሼ ጦሳ ስር ያሉትን ዛሬ ከክፍል ወጥቼ ሞከርኩት። የማንንም ቁጥር አልነካሁም፣ የራሴን ስልክ ብቻ በሻ-256 ሃሽ አደረግኩና ከ09 ጀምሮ በፓይተን አስቆጠርኩት። ተራ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፣ ግራፊክስ ካርድም የለው። ሁለቱንም 09ና 07 ለመጨረስ ሰባት ደቂቃ አልሞላም። ቁጥሬ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ወላሂ ደነገጥኩ።

የፋይዳ ቁጥርም 12 አኃዝ ነው፣ አንድ ትሪሊዮን ማለት። ለኔ ላፕቶፕ ብዙ ቀን ነው። ግን ጥሩ የጌም ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ ቢሊዮኖች ሻ-256 ያሰላል፣ ለሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስለዚህ ፋይዳውንም እንዲሁ ሃሽ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም።


የሐረጎ መንገድ — ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45

ፋይዳ ለማመሳከር ከስልክ ይሻላል፣ አንዱ ለአንድ ሰው ነውና። ለመደበቅ ግን ቧንቧ ውሃ እንዳለው ነው።

«ሶልት ጨምሩበት» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁና ቀድሜ ልናገር። ሶልት ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የዘፈቀደ ቁጥር ከጽሑፉ ጋር ማያያዝ ነው። ለፓስወርድ ግድ ነው፣ ለማመሳከር ግን አይሆንም። ደሴ ለአንዱ ሰው የሰጠችው ሶልት ኮምቦልቻ ከሰጠችው ይለያል፣ ሃሹ መቼም አይገናኝም። የሚሻለው ሁለቱ ቢሮ ብቻ የሚያውቁት አንድ ምስጢር ቁልፍ መጨመር ነው።


ቦርከና ማዶ — ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ገባኝ። አንድ የምስጢር ቃል ከስልኩ ፊት አስገብቼ ሃሽ ባደርግ ይበቃል ማለት ነው?


ጦሳ ስር — ማክሰኞ፣ ማታ 2፡55

ተቃርበሻል፣ ግን በሁለት ቦታ አስተካክይው።

አንድ፣ ቁልፍን ከፊት ለጥፎ ሻ-256 ማድረግ የታወቀ ቀዳዳ አለው። የሻ-256 አሠራር ጽሑፉን በቁራጭ በቁራጭ እየወሰደ ስለሚፈጭ፣ መጨረሻ ላይ የሚሰጥሽ ሃሽ የውስጥ ሁኔታው ራሱ ነው። ቁልፉን የማያውቅ ሰው ከዚያ ላይ ቀጥሎ ተጨማሪ ጽሑፍ ሊፈጭበት ይችላል። እ.ኤ.አ. 2009 ፍሊከር በሚባለው የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ በዚሁ መንገድ የሐሰት ጥያቄ ማቅረብ እንደሚቻል ሁለት ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ለናንተ ሥራ ይሄ ቀጥታ ጉዳት ላይኖረው ይችላል፣ ግን ትክክለኛው ዕቃ እያለ ለምን? ኤችማክ ይባላል። ቤላሬ፣ ካኔቲና ክራውቺክ እ.ኤ.አ. 1996 ያወጡት ነው፣ ቁልፉን ከውስጥም ከውጭም ሁለት ጊዜ ይፈጨዋል። በሁሉም የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል፣ በገዛ እጅ መጻፍ አያስፈልግም።

ሁለት፣ ቁልፉ ቃል አይሁን። የማኅበሩ ስም፣ የተመሠረተበት ዓመት፣ «ወሎ» የምትለዋ፣ ሁሉም ይገመታል። ኮምፒውተሩ ራሱ 32 ባይት በዘፈቀደ ያውጣላችሁ።

አሁን ደግሞ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ቁልፉ በሁለታችሁም እጅ ከሆነ፣ ከደሴው ዝርዝር ላይ ቧንቧ ውሃ ዛሬ የሠራውን አንቺም መሥራት ትችያለሽ። 200 ሚሊዮኑን በቁልፉ አስልተሽ የአባሎቻቸውን ስልክ ታወጫለሽ። እነሱም የናንተን። ኤችማክ ከውጭ ሰው እንጂ እርስ በርስ አይሸሽጋችሁም። ስለዚህ ሁለቱ ዝርዝር እናንተ ጋ መገናኘት የለበትም። ቁልፉን የማያውቅ ሦስተኛ ሰው፣ ኦዲተራችሁ ወይም የቁጥጥር ኮሚቴው፣ ሁለቱን ይረከብና የገጠሙትን የመስመር ቁጥር ብቻ ይንገራችሁ። ደሴ የማይገናኘውን ሰው ዝርዝር አታይም፣ ኮምቦልቻም አታይም። እንግዲህ የደሴዎቹን አደራ ጠበቅን የምንለው ያኔ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም፣ ቁጥር 1321/2016፣ ወጥቷል። ሥራ አስኪያጃችሁ ይሄን ከሕግ አማካሪያቸው ጋር ቢያዩት መልካም ነው።


ሰኞ ገበያ — ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ። ኔትወርክ ስለሚያስቸግረን ትላልቅ ሶፍትዌር ከአዲስ አበባ በፍላሽ ነው የሚመጣልኝ። ከሚጫነው ፋይል ጎን ሃሹ የተጻፈበት ትንሽ ፋይል አብሮ ይኖራል፣ አንዳንዴ ሻ-256፣ አንዳንዴ ኤምዲ5 ብቻ። እሱን አመሳክሬ ብጭን ለደንበኛዬ ደህና ነው ብዬ መናገር እችላለሁ?


ጦሳ ስር — ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡40

ወንድሜ፣ ከዚያው ፍላሽ ላይ የተገኘ ሃሽ የሚነግርህ ፋይሉ በመንገድ አለመበላሸቱን ብቻ ነው። ፋይሉን የለወጠ ክፉ ሰው ሃሹንም አብሮ ይለውጠዋል። ሃሹን ከሠሪው ድረ ገጽ በራስህ ስልክ ከፍተህ አንብብ። ለ64 ቁምፊ የሚሆን ኔትወርክ አይጠፋም። ከዚያ ፍላሹ ላይ ካለው ፋይል ካወጣኸው ጋር አስተያይ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ብቻ ሳይሆን ሁሉንም።

ኤምዲ5ን በተመለከተ፣ ሪቬስት እ.ኤ.አ. 1991 የሠሩት ነው። በ2004 የቻይናዋ ተመራማሪ ሺያዎዩን ዋንግና ባልደረቦቻቸው ሁለት የተለያየ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ኤምዲ5 እንዲኖረው አድርገው አሳዩ። በ2012 የተገኘው ፍሌም የተባለው ቫይረስ በዚሁ ድክመት የማይክሮሶፍት ፊርማ ያለው መስሎ በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ይገባ ነበር። ሻ-1ም በ2017 ተከተለ፣ ጉግልና የአምስተርዳሙ የምርምር ተቋም ሲደብልዩአይ የተለያየ ይዘት ያላቸው ሁለት ፒዲኤፎች አንድ ሻ-1 እንዲኖራቸው አደረጉ። ሻ-256 እስካሁን እንዲህ አልተደረገበትም። ስለዚህ ኤምዲ5 የተቆራረጠ ኮፒን ለመለየት ይበቃሃል፣ ተንኮልን ለመለየት አይበቃህም።


ሰኞ ገበያ — ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡55

አላህ ይስጥልኝ። እስከዛሬ ከፍላሹ ጋር ነበር የማስተያየው።


የሐረጎ መንገድ — ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

ወደ እህታችን ሦስተኛ ጥያቄ ልመለስ፣ ፓስወርዱ። ጋሼ የተናገሩት የኤምዲ5 መሰበር ስለ መገጣጠም ነው። ለፓስወርድ ዋናው ችግር ሌላ ነው፣ ፍጥነቱ። ኤምዲ5ም ሻ-256ም ትልቅ ፋይል ቶሎ ለመፍጨት የተሠሩ ናቸው። ዳታቤዙን የሰረቀ ሰው በዚያ ፍጥነት ሁሉንም የተለመደ ፓስወርድ፣ የልደት ዓመቱን፣ ስልኩን፣ 123456ን ይሞክራል። ሶልት ከሌለ ደግሞ አንዴ ያሰላውን ለሁሉም አባል ይጠቀምበታል። ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. 2012 ያፈሰሰው ያለ ሶልት የተቀመጠ ሻ-1 ነበር፣ ያኔ የታየው 6.5 ሚሊዮን ያህል፣ ብዙውም በቀናት ውስጥ ተፈታ። ስለዚህ «ኤምዲ5ን በሻ-256 ቀየርኩ» የሚል ፕሮግራመር ምንም አልፈታም።

ለፓስወርድ ሆን ተብሎ ቀስ የሚል ነው የሚያስፈልገው። ቢክሪፕት አለ፣ ከ1999 ጀምሮ። አርጎን2 አለ፣ በ2015 የፓስወርድ ሃሽ ውድድር ያሸነፈው፤ እሱ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሜሞሪም ስለሚበላ ለግራፊክስ ካርድ አይመችም። ሲስተማችሁ በፒኤችፒ ከሆነ ፓስወርድ-ሃሽ የሚባለው ፈንክሽን ሶልቱን ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ከሃሹ ጋር ያስቀምጣል። ከአርጎን2 ዓይነቶች አርጎን2አይዲ የሚባለውን ምረጪ። ኦዋስፕ የተባለው የሶፍትዌር ደህንነት ድርጅት እንደ ዝቅተኛ መጠን የሚመክረው 19 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ 2 ዙር፣ 1 ክር ነው። አነስተኛ ሰርቨርም ይሸከመዋል።

ለምን ቢክሪፕትን አልመረጥኩም? ለኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች የተደበቀ ወጥመድ አለው። ቢክሪፕት የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይት ብቻ ነው። ለእንግሊዝኛ 72 ፊደል ነው፣ ማንም አይደርስበትም። የግዕዝ ፊደል ግን ዩኒኮድ በብዛት በሚጻፍበት በዩቲኤፍ-8 አንዱ 3 ባይት ነው፣ ስለዚህ 24 ፊደል ላይ ያበቃል። እናቴ ለስልኳ የምትጠቀምበት ዓይነት ረዘም ያለ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በፓስወርድነት ብታስገቢ፣ ከ24ኛው ፊደል በኋላ የጻፍሽው በብዙዎቹ ላይብረሪዎች ጸጥ ብሎ ይጣላል። አንድ ዓይነት ጅማሬ ያላቸው ሁለት ረዣዥም ሐረጎች ያው አንድ ፓስወርድ ይሆናሉ። ይሄን የእንግሊዝኛው መመሪያ አይነግረንም፣ እኛው ነን ልብ ማለት ያለብን።

የድሮዎቹን ኤምዲ5 ሰዎቹ እስኪገቡ አትጠብቂ። ያለውን የኤምዲ5 ሃሽ እንዳለ ወስደሽ በአርጎን2 ሸፍኚው፣ ዛሬ ማታ ሁሉም ይሸፈናል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በገባ ቁጥር ከእውነተኛው ፓስወርዱ በቀጥታ አዲስ አርጎን2 ሠርተሽ ድሮውን አጥፊ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያልገቡትን አዲስ ፓስወርድ አስወጪያቸው።


ቧንቧ ውሃ — ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

ወንድም ጋሼ፣ በአማርኛ ፓስወርድ ላይ የሀና ሐ ጉዳይስ? ሰው ስልኩ ላይ «ፀሐይ» ብሎ መዝግቦ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ አይገባለትም። ያን ሰንጠረዥ ፓስወርዱም ላይ ብናደርገውስ?


የሐረጎ መንገድ — ረቡዕ፣ ማታ 3፡15

እኔ አደርገው ነበር። በምዝገባም በመግቢያም አንድ ዓይነት ከሆነ ይሠራል፣ የሚጠፋውም ጥንካሬ ትንሽ ነው።


ጦሳ ስር — ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡00

እኔ አላደርገውም። ሰው የጻፈውን ምስጢር ያለ እርሱ ዕውቀት መለወጥ አይገባንም። «የጻፉበትን ፊደል ያስታውሱ» ብሎ በመመዝገቢያው ገጽ ላይ በግልጽ መጻፍ ይሻላል። በዚህ ላይ ከልጄ ከየሐረጎ መንገድ ጋር አንስማማም፣ ሁለቱም መንገድ ግን ደህንነትን ያን ያህል አይጎዳም። እህታችን የአባሎቿን ጠባይ ስለምታውቅ እሷ ትምረጥ።


ቦርከና ማዶ — ቅዳሜ፣ ቀን 9፡20

የደረስኩበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው፣ ምክራችሁን ይዤ ዝም ማለት ስለከበደኝ።

ለሥራ አስኪያጃችን ስለዚያ ድረ ገጽ ነግሬያቸዋለሁ። ተቆጥተዋል፣ ልክም ናቸው። 300ዎቹን አባላት ደብዳቤ ጽፈን ልናሳውቅ ተስማምተናል፣ ደሴዎቹም በነሱ በኩል እንዲሁ።

ቁልፉን ኔትወርክ ባልገባበት ኮምፒውተር አወጣሁት፣ 32 ባይት። በወረቀት ላይ ሲጻፍ 64 ቁምፊ ሆነ። በቴሌግራም ልላክ ሲሉኝ እምቢ አልኩና ትናንት ራሴ በሚኒባስ በሐረጎ ወጥቼ ደሴ አደረስኩት። የታሸገው ፖስታ በእያንዳንዱ ቢሮ ካዝና ተቀምጧል። ስልኩን ሁለታችንም መጀመሪያ ወደ 251 ቅርጽ አስተካከልን፣ ኤክሴል የበላውን 0ም ፈልገን አገኘን። ፋይዳ ላለው በፋይዳ፣ ለሌለው በስልክ፣ በኤችማክ አስልተን ሁለቱንም ፋይል ለኦዲተሩ ሰጠን። ቁልፉን ኦዲተሩ አያውቁትም።

ከማውቃቸው 40 ሰዎች 36ቱ ገጠሙ። አራቱ ስልክ የቀየሩና ፋይዳ ያላስመዘገቡ ናቸው፣ እነሱን በአካል እናገኛቸዋለን። አምስት ቦታ ደግሞ ስልኩ ገጥሞ ሰዎቹ የተለያዩ ሆኑ። አንዷ እናት ናት፣ የሁለት ልጆቿንም ሂሳብ በሷ ቁጥር ያስመዘገበች። ጋሼ «ስሙን ሰው ይየው» ባይሉኝ ኖሮ ሦስቱን አንድ ሰው አድርጌ አንዱን ሂሳብ እዘጋባቸው ነበር።

ፓስወርዱን ዛሬ ማታ ሸፍነን እናድራለን፣ የዳታቤዙን ቅጂ አውጥተናል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ማመሳከሩ ሲያልቅ ያ የኤችማክ ዝርዝር እኛ ጋ ይቆይ ወይስ ይጥፋ?


ጦሳ ስር — ቅዳሜ፣ ቀን 10፡05

ይጥፋ ልጄ፣ ኦዲተሩም ጋ ያለው። በዓመቱ ስትደግሙት ከዋናው መዝገብ እንደገና ይሠራል፤ ያኔ አዲስ ቁልፍ አውጡ።


ቦርከና ማዶ — ቅዳሜ፣ ቀን 10፡12

እሺ ጋሼ። ሰኞ ጠዋት ሦስታችንም ባለንበት እናጠፋዋለን።